«ትልቅ ነበር፤ ግን…»፦ በሊ ቾንግ ዌይ ላይ ለተሰጠው ፍርድ ምላሽ

የማሌዥያዊው የባድሚንተን ተጫዋች የሊ ቾንግ ዌይ ስም በተነሣ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ተከትሎ ይመጣል፤ «ትልቅ ተጫዋች ነበር፤ ግን…»። ከ«ግን» በኋላ ያለውን፣ ስፖርቱን በሩቁ የሚከታተል ሰው እንኳ ይጨርሰዋል። በ2008 ቤይጂንግ ላይ ብር፣ በ2012 ለንደን ላይ ብር፣ በ2016 ሪዮ ላይ ብር። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዓለም ሻምፒዮናም አራት ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ አራቱንም ጊዜ ወርቁን ሌላ ሰው ወስዶታል። ስለዚህ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ቾንግ ዌይ ከታላላቆቹ ቤት ደጃፍ ደርሶ ያልገባ፣ የዘላለም ሁለተኛ ነው።

ይህ ፍርድ ሁለት አፍ አለው። አንደኛው ጨካኝ ነው፤ «ቀኑ ሲደርስ ልቡ ይከዳዋል» ይላል። ሁለተኛው አዛኝ ነው፤ «ምን ያድርግ፣ ቻይናዊው ሊን ዳን ባለበት ዘመን ተወለደ» ይላል። ለጨካኙ መልስ መስጠት ብዙ አያደክምም። የሚያስቸግረው አዛኙ ነው፤ ከንፈር እየተመጠጠ የሚሰጥ ፍርድ ክርክር ስለማይመስል ማንም አገላብጦ አያየውም።

አስቀድሜ የማልከራከርበትን ላስቀምጥ። ቾንግ ዌይና ሊን ዳን በዓለም አቀፍ ውድድሮች 40 ጊዜ ተገናኝተው 28ቱን ያሸነፈው ሊን ዳን ነው። የቤይጂንጉ ፍጻሜ 21 ለ12 እና 21 ለ8 አለቀ። ያን ዕለት ቾንግ ዌይ ተጫወተ ከማለት ሜዳ ገብቶ ወጣ ማለት ይቀላል። ፊት ለፊት ሲቆሙ ሊን ዳን ይበልጥ ነበር። ይህን ለመሸፈን ዳኛውን፣ ጉዳቱን፣ የአዳራሹን ነፋስ እየጠሩ ሰበብ የሚደረድሩ ደጋፊዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልሰለፍም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከአንድ ሰው ጋር በተደረገ ፍልሚያ ማነስ አንድ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ከ2000 እስከ 2019 የዘለቀ የሙያ ሕይወት እንዴት ሆኖ በዚያ ማነስ ይሰየማል?

አዛኙ አስተያየት የሚፈተንበት ቀን አለው። ኦገስት 19 ቀን 2016፣ ሪዮ፣ ግማሽ ፍጻሜ። ሊን ዳን የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ15 ወሰደ፤ ቾንግ ዌይ ሁለተኛውን 21 ለ11 መለሰ፤ ሦስተኛው 22 ለ20 ሆኖ ለቾንግ ዌይ ወጣ። በሁለት ኦሊምፒኮች ፍጻሜ የዘጋበት ሰው ተሸነፈ። «ሊን ዳን ባይኖር ኖሮ» የሚለው ሐሳብ እውነት ከሆነ በማግሥቱ ወርቁ የቾንግ ዌይ መሆን ነበረበት። በማግሥቱ ሌላው ቻይናዊ ቼን ሎንግ 21 ለ18 እና 21 ለ18 አሸነፈው። በ2014 ኮፐንሃገንና በ2015 ጃካርታ በተደረጉት የዓለም ሻምፒዮናዎችም በፍጻሜው ያሸነፈው ይኸው ቼን ሎንግ ነው። ከሰባቱ ታላላቅ ፍጻሜዎች አራቱ በሊን ዳን፣ ሦስቱ በቼን ሎንግ ተዘጉ። አንድ ሰው መንገድ ላይ ተጋድሞበት ቀረ የሚለው ተረት፣ ተረትነቱ የሚያምረው ቼን ሎንግን እስካላነሣን ድረስ ብቻ ነው።

ይህን ስል ጨካኙ ይነሣና «እኔስ ምን አልኩ! ሰውየው ቢቀየርም ውጤቱ አልተቀየረም፤ ችግሩ ልብ ነው» ይለኛል። እሺ፣ ልቡን እንየው።

ጁን 2006፣ የማሌዥያ ኦፕን ፍጻሜ፣ ኩቺንግ ከተማ። የባድሚንተን የነጥብ አቆጣጠር ያን ዓመት መቀየሩ ነው። በአሮጌው ሕግ ነጥብ የሚያስቆጥረው መቺው፣ ማለትም ኳሷን የሚያስጀምረው ብቻ ነበር፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው የመትቶ ማስጀመሩን ተራ እየነጠቀ ትንፋሹን መሰብሰብ ይችል ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን እያንዳንዱ ምልልስ ነጥብ ነው፤ ማንም ያስጀምረው ማን፣ የሳተ ይከፍላል። በዚህ ሕግ ሦስተኛውና የመጨረሻው ዙር ላይ ሊን ዳን 20፣ ቾንግ ዌይ 13 ደረሱ። ሊን ዳን የሚፈልገው አንድ ምልልስ ነው። ቾንግ ዌይ የሚፈልገው ሰባት ነው፤ ያውም በተከታታይ፣ አንዱንም ሳይስት፤ ያ ሁሉ ተሳክቶለት እንኳ እኩል መሆኑ ነው እንጂ ማሸነፉ አይደለም። ሰባቱንም አገኘ። 20 እኩል ሆኑ፤ ከዚያ 23 ለ21 አሸነፈ።

ልቡ የሚከዳ ሰው 13 ለ20 ላይ ሆኖ እንዲህ አያደርግም። አንድ ጨዋታ ነው ለሚለኝም ዝርዝሩ አለ። በ2011 ኦል ኢንግላንድ በተባለው የእንግሊዝ ውድድር ፍጻሜ ሊን ዳንን 21 ለ17 እና 21 ለ17 አሸነፈ፤ በ2014 በዚያው ውድድር ፍጻሜ ቼን ሎንግን። በ2015 በቻይና ኦፕን ፍጻሜ አሁንም ቼን ሎንግን፣ በገዛ አገሩ። ከሪዮ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በቻይናዋ ዉሃን ከተማ በተደረገው የእስያ ሻምፒዮና ሊን ዳንን በግማሽ ፍጻሜ፣ ቼን ሎንግን በፍጻሜ አከታትሎ ጥሎ ዋንጫውን ወሰደ፤ አዳራሹ ሙሉ የሚጮኸው ለእነሱ ነበር። ጨካኙ አስተያየት እንዲቆም፣ ሚያዝያ ላይ ደፋር ነሐሴ ላይ ፈሪ የሚሆን፣ ቀን መቁጠሪያ የሚያነብ ልብ መፈልሰፍ አለብን።

እንግዲህ «ዕድሉ» የሚለውም «ልቡ» የሚለውም ካልያዘ፣ ስህተቱ ያለው ሁለቱም ሳይጠይቁ የተቀበሉት መለኪያ ላይ ነው። ሁለቱም የባድሚንተን ተጫዋች የሚመዘነው በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ነው ብለው ይነሣሉ፤ የሚለያዩት በሚዛኑ ላይ ያለውን ጉድለት በመግለጽ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሚዛን ከየት መጣ?

ጉዳዩ ወደ ማሌዥያዋ ፔናንግ ይወስደናል። ቾንግ ዌይ በ1982 በፔራክ ግዛት ባጋን ሰራይ በምትባል ከተማ ተወልዶ ያደገው በፔናንግ ግዛት ቡኪት መርታጃም ነው። በልጅነቱ ልቡ ያለው ቅርጫት ኳስ ላይ ነበር፤ እናቱ በዚያ ፀሐይ ሜዳ ላይ መዋሉን አልወደዱለትም፤ ባድሚንተን ወዳድ የነበሩት አባቱ ደግሞ ወደ አዳራሽ ይዘውት ይገቡ ጀመር። (የወላጅ ክልከላ ስፖርተኛ ሲፈጥር አልፎ አልፎ ይታያል።) ከእሱ በፊት ግን ይህችው ፔናንግ ኤዲ ቹንግን ወልዳለች። ኤዲ ቹንግ በ1953፣ በ1954፣ በ1956 እና በ1957 ኦል ኢንግላንድን በነጠላ አራት ጊዜ አሸነፈ። ስለ ኤዲ ቹንግ «ትልቅ ነበር፤ ግን…» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ኦሊምፒክ አላሸነፈም፤ የዓለም ሻምፒዮን አልሆነም፤ ማንም አይከስሰውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ውድድሮች አልነበሩም። ከ1899 ጀምሮ የሚካሄደው ኦል ኢንግላንድ ያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮናነቱን ቦታ ይዞ ነበር፤ እሱን ያሸነፈ ዓለምን አሸነፈ ይባል ነበር።

አሁን ወደ ዴንማርክ እንሻገር። ሞርተን ፍሮስት ኦል ኢንግላንድን በ1982፣ በ1984፣ በ1986 እና በ1987 ወሰደ፤ እሱም አራት። በእሱ ዘመን የዓለም ሻምፒዮና በ1977 ማልሞ ላይ ተጀምሯል፤ ኦሊምፒክ ግን ገና ነው። ፍሮስት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላገኘም፤ በ1985ና በ1987 ፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል። ስለ ፍሮስት ሲወራ ግማሽ «ግን» አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትነገር። በ1986 ኦል ኢንግላንድ ፍጻሜ ላይ ፍሮስት ያሸነፈው ማሌዥያዊ ሚስቡን ሲዴክ ነው፤ ሚስቡን በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ፣ የ17 ዓመቱን ቾንግ ዌይ ወደ ብሔራዊ ቡድን ያስገባው ሰው ነው።

ሦስተኛው ቾንግ ዌይ ነው። ኦል ኢንግላንድን በ2010፣ በ2011፣ በ2014 እና በ2017 አሸነፈ። አራት። ባድሚንተን በ1992 ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ሜዳልያ የሚሰጥበት ስፖርት ሆኗል፤ የዓለም ሻምፒዮናውም ከ2005 ጀምሮ፣ ከኦሊምፒክ ዓመት በቀር፣ በየዓመቱ የሚደረግ ሆኗል። ስለዚህ በእሱ ላይ «ግን» ሙሉ ሆና፣ ጮኻ ትነገራለች።

ሦስት ሰዎች፣ አራት አራት ዋንጫ፣ ከአንድ ውድድር። የኤዲ ቹንግ አራት ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል፤ የፍሮስት አራት ትንሽ ይጎድላል፤ የቾንግ ዌይ አራት እንደ ማጽናኛ ይነሣል። በሦስቱ መካከል የተለወጠው የስፖርቱ አስተዳደር ነው፤ አዳዲስ ውድድሮች በፈጠረ ቁጥር የቀድሞው ዋንጫ እያነሰ ሄደ። እንዲያውም የቾንግ ዌይ አራቱ ዋንጫዎች የተገኙት በጠበበ በር ነው፤ በኤዲ ቹንግ ዘመን ቻይና በዚህ ውድድር አትሳተፍም ነበር። ይህን የምለው ኤዲ ቹንግን ለማሳነስ አይደለም። መለኪያው ከሰው ችሎታ ጋር ሳይሆን ከጉባኤ ውሳኔ ጋር የሚረዝምና የሚያጥር ከሆነ፣ «ታላቅ» እና «ሁለተኛ» የሚሉትን ቃላት በእሱ ላይ ማንጠልጠል አይቻልም ለማለት ነው።

በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የሚለካው ነገር አለ፤ አልክድም። በዚያ ሳምንት፣ በዚያ አዳራሽ ማን እንደበለጠ ይለካል። ግን ምን ያህል ቀጭን ልኬት እንደሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሻትል የሚሏት ኳስ በ16 ላባዎች የተሠራች ናት፤ ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። ከራኬቱ እንደ ጥይት ትወጣና መረቡን ስታልፍ አየሩ ይይዛታል፤ ከመሬት ስትደርስ ልትወድቅ የመጣች ቅጠል ትመስላለች። አንዷ ላባ ከታጠፈች አካሄዷ ይለወጣል። ለነጠላ ጨዋታ የተሰመረው ሜዳ ስፋቱ 5.18 ሜትር ነው፤ መስመሩ ላይ ያረፈች ኳስ ገብታለች፤ ከመስመሩ ጣት ያለፈች ወጥታለች። በ2011 ለንደን ላይ የተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ እንዲህ አለቀ፦ የመጀመሪያው ዙር 22 ለ20 ለቾንግ ዌይ፣ ሁለተኛው 21 ለ14 ለሊን ዳን፣ ሦስተኛው 23 ለ21 ለሊን ዳን። ዓመት ቆይቶ፣ ኦገስት 5 ቀን 2012፣ እዚያው ለንደን፣ የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ደግሞ 21 ለ15 ለቾንግ ዌይ፣ ከዚያ 21 ለ10 እና 21 ለ19 ለሊን ዳን። ሁለቱም ፍጻሜዎች የተቋጩት በመጨረሻው ዙር፣ በሁለት ነጥብ ልዩነት ነው። ላባና መስመር ለሁለቱም ተጫዋች ያው ነውና ለሰበብ አላነሣሁትም፤ ሊን ዳን ሁለቱንም ጊዜ በሚገባ አሸንፏል። ነገር ግን ሁለት ነጥብ ወርቅና ብር ሊለይ ቢችልም ሁለት ሰዎችን ለዘላለም «ታላቅ» እና «ያልተሳካለት» ብሎ ሊከፍል አይችልም። ለዚያ ሥራ የተሠራ መለኪያ አይደለም።

ረጅሙን ዘመን የሚለካ መሣሪያ ሌላ ቦታ አለ፤ ብዙም አይነገርለትም፤ ምክንያቱም ስሜት አይነካም። የዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ተጫዋቹ ባለፉት 52 ሳምንታት ካደረጋቸው ውድድሮች የተሻሉት አሥር ውጤቶቹ ይደመራሉ፤ ድምሩ በየሳምንቱ ይታደሳል። የዛሬ ዓመት ያሸነፍከው ውድድር ዘንድሮ ሲደርስ ነጥቡ ይረግፋል፤ መልሰህ ካላሸነፍክ ትወርዳለህ። አንድ ዋንጫ ለማንሣት በአንድ ሳምንት አምስት ጨዋታ ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ሻንጣ፣ አውሮፕላን፣ ሌላ አገር፣ ሌላ አዳራሽ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጨዋታ። ቾንግ ዌይ በዚህ ሰንጠረዥ አናት ላይ በድምሩ 349 ሳምንታት ተቀምጧል። ከእነዚህ 199ኙ ያልተቋረጡ ናቸው፤ ከኦገስት 21 ቀን 2008 እስከ ጁን 14 ቀን 2012።

እነዚህን ሁለት ቀኖች ደግማችሁ አንብቡልኝ። በቤይጂንግ የተዋረደው ኦገስት 17 ነው። በአራተኛው ቀን የሰንጠረዡ አናት ላይ ወጣ፤ ከዚያ የወረደው የለንደኑ ኦሊምፒክ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በቶማስ ካፕ የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ቁርጭምጭሚቱን ከተጎዳ በኋላ ነው። በሁለቱ ሽንፈቶች መካከል ያለው ጊዜ ሁሉ ማለት ይቻላል የእሱ ነበር። የተለመደው ትረካ ሁለቱን ቀኖች ይይዝና መካከሉን አራት ዓመት ባዶ አድርጎ ይተወዋል፤ ሰውየው በ2008 ተሸንፎ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በ2012 ዳግም ለመሸነፍ የተነሣ ይመስል።

አንባቢ የሚያነሣው ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ደረጃውንስ ያገኘው ብዙ ስለተወዳደረ አይደለም ወይ? ሊን ዳን ለትልልቆቹ ቀኖች ራሱን ሲያዘጋጅ እሱ በየሳምንቱ ነጥብ ሲለቅም ነበር።» ከሚሰነዘሩት ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ስለሆነ በጥድፊያ አላልፈውም። በከፊል እውነት ነው። በ2013 ጓንግዡ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሊን ዳን የተሳተፈው በልዩ ግብዣ ነበር፤ ከለንደን በኋላ እምብዛም ሳይወዳደር ቆይቶ ስለነበር ደረጃው አያስገባውም። መጣ፣ ፍጻሜ ደረሰ፣ ሦስተኛው ዙር 20 ለ17 ላይ ሲደርስ የቾንግ ዌይ ጡንቻ ተሳስሮ መቀጠል አልቻለም። ወርቁ የሊን ዳን ሆነ። እንዲህ ዓመቱን አርፎ ቀኑን ጠብቆ መምጣት ትልቅ ችሎታ ነው።

ግን ማን ነው ማረፍ የሚችለው? የቤይጂንጉን የሽልማት ሰገነት ተመልከቱ፤ ወርቅ ሊን ዳን፣ ነሐስ ሌላው ቻይናዊ ቼን ጂን። የለንደኑን ተመልከቱ፤ ወርቅ ሊን ዳን፣ ነሐስ ቼን ሎንግ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠለፋል፤ አንዱ ቢሰናከል ከኋላው ሌላ አለ። በቾንግ ዌይ ኋላ በነጠላ ማንም አልነበረም። እሱ አንድ ውድድር ቢቀር ማሌዥያ በዚያ ውድድር ፍጻሜ ላይ የለችም ማለት ነው። የማሌዥያ ኦፕንን ብቻ 12 ጊዜ አሸንፏል፤ አንድ ሰው በገዛ ሕዝቡ ፊት 12 ጊዜ። እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ፍጹም ማረጋገጫ አላቀርብበትም፤ ከመዝገቡ የማነብበው ግን ይህንን ነው። 349 ሳምንታት ያስቀመጠው ነገርና ሰባቱን ፍጻሜዎች ያሳጣው ነገር አንድ ነው። ያለማቋረጥ መገኘት ነበረበት። ስለዚህ «ወጥነቱ ጥሩ ነበር፤ በትልቁ ቀን ግን ደከመ» ብሎ በጎውንና ጉድለቱን በሁለት ዓምድ መጻፍ አንድን ሳንቲም ለሁለት መሰንጠቅ ነው።

ይህ ሁሉ ሸክም የመጣው ከሀገሩ ታሪክ ነው። ማሌዥያ በፓሪስ 2024 ጨዋታዎች ጭምር አንድም የኦሊምፒክ ወርቅ አላገኘችም። የመጀመሪያ ሜዳልያዋን በ1992 ያመጡላት የባድሚንተን ጥንዶች ናቸው፤ የሚስቡን ወንድሞች ራዚፍና ጃላኒ ሲዴክ፣ ነሐስ። በ1996 ብርና ነሐስ መጣ፤ አሁንም ባድሚንተን። በ2000 እና በ2004 ባዶ እጅ። በ2008 ቾንግ ዌይ ያመጣት ብር ከ12 ዓመት በኋላ የተገኘች፣ በዚያ ኦሊምፒክም የሀገሪቱ ብቸኛ ሜዳልያ ናት። ለዚያ ዳቱክ የሚል የክብር ማዕረግ ተሰጠው። በ2012 ሌላ ብር ሲያመጣ ግን ሀገሩን ይቅርታ ጠየቀ። በአራት ዓመት ውስጥ ያው ሜዳልያ ከማዕረግ ወደ ይቅርታ ወረደ። «የዘላለም ሁለተኛ» የሚለው ስም የተወለደው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከስፖርት ትንተና ሳይሆን ወርቅ ከናፈቀ ሕዝብ ጉሮሮ። የሕዝቡን ናፍቆት አከብራለሁ። ተንታኞች ያንን ናፍቆት ተቀብለው ሚዛን አድርገው መገልበጣቸው ነው የሚያስከፋኝ።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አመል ነጻ አይደለንም። ስለ ኬንያዊው ሯጭ ፖል ቴርጋት አዲስ አበባ ላይ ጠይቁ፤ «ሲድኒ ላይ ኃይሌ በደረት የቀደመው» ይሏችኋል። አምስት ዓመት በተከታታይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን እንደነበረ፣ በ2003 በርሊን ላይ 2፡04፡55 ሮጦ የማራቶንን ክብረ ወሰን እንደሰበረ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። የራሳችንን ስለሺ ስህንን እንኳ፣ በአቴንስና በቤይጂንግ በ10,000 ሜትር ከቀነኒሳ ቀጥሎ ሁለት የኦሊምፒክ ብር ያመጣውን፣ ስሙን የምናነሣው ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ታሪክ ስንተርክ ነው።

አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በ2014ቱ የኮፐንሃገን ዓለም ሻምፒዮና ከቾንግ ዌይ በተወሰደ ናሙና ዴክሳሜታሶን የተባለ የእብጠት ማስታገሻ መድኃኒት ተገኘ። ጉዳዩን ያየው የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን የዳኝነት ጉባኤ መድኃኒቱ የገባው በሚወስደው ኮርዲሴፕስ የተባለ ባህላዊ መድኃኒት ካፕሱል ልባስ በኩል መሆኑን ተቀብሎ፣ የማጭበርበር ሐሳብ አልነበረውም፣ ቸልተኛ ግን ነበር ሲል ወሰነ። የስምንት ወር እገዳ ተጣለበት፤ ሜዳልያውም ተወሰደበት። በተጫዋቹ ፍቅር የሰከሩ ሰዎች ይህን ምዕራፍ «ነጻ ወጣ» ብለው ይዘጉታል። ነጻ አልወጣም። ወደ አፉ የሚገባውን የማወቅ ኃላፊነት የራሱ ነበር፤ አልተወጣውም። ክርክሬ ከመዝገቡ እንጂ ከፍቅር ስላልተነሣ ይህም በመዝገቡ ይቆይ። በመዝገቡ ላይ የሚከተለውም ይቆይ፦ እገዳው ያበቃው ሜይ 1 ቀን 2015 ነው፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካንና የካናዳን ኦፕን አሸነፈ፤ ኦገስት ላይ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ተጫወተ፤ ኖቬምበር ላይ በቻይና ኦፕን ቼን ሎንግን ጣለ። ዕድሜው 33 ነበር።

በ2018 የአፍንጫ ካንሰር ተገኘበት። ታይዋን ሄዶ ታከመ፤ የቶኪዮ ኦሊምፒክን እያሰበ ወደ ልምምድ ለመመለስ ሞከረ፤ አልሆነም። ጁን 13 ቀን 2019 በ36 ዓመቱ መጫወት ማቆሙን እያለቀሰ አስታወቀ። በዚያ ሳምንት ስለ እሱ ከተጻፈው አብዛኛው ያችኑ «ግን» ይዞ ነበር የወጣው።

ከተለመደው የወጣ ቃል የመጣው 28 ጊዜ ካሸነፈው ሰው ነው። ሊን ዳን በቻይናው የማኅበራዊ መገናኛ ገጹ ላይ የአንድ ዘፈን ማያያዣ አስቀምጦ፣ ከእንግዲህ ወደ ሜዳው ብቻውን እንደሚገባ፣ የሚያጅበው እንደሌለ ጻፈ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 2020፣ እሱም ቶኪዮን ሳያይ ራኬቱን ሰቀለ።